የበረሃ እባቦች የአካል መጠን እና የወቅት ሁኔታ፦ ወደ ቆላማ አካባቢዎች ለሚጓዙ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የመረጃው ዓላማ

ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ የበረሃ እባቦች የተፈጥሮ መኖሪያ አይደለም። ይሁን እንጂ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ከቆላው አካባቢ ጋር ያለው ግንኙነት የቅርብ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ – ጅቡቲ የባቡር መስመር መንገደኞችን የሚያሳፍረው ከለቡ ነው። መስመሩ አዳማን፣ መተሐራን እና ሚኤሶን አልፎ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል፤ ማለዳ በደጋ ብርድ የተሳፈረ መንገደኛ በዚያው ዕለት ከበረሃው ጠርዝ ይደርሳል። በአስፋልቱ መንገድም የጭነት ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው፣ ነጋዴዎች፣ የግንባታ ሠራተኞች እንዲሁም ቤተሰብ ጠያቂዎች በየዕለቱ ይመላለሳሉ።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው እነዚህ ነዋሪዎች በጉዟቸው ሊያጋጥሟቸው ስለሚችሉ የበረሃ እባቦች በሁለት ጉዳዮች ላይ ግልጽ ግንዛቤ እንዲያገኙ ነው። የመጀመሪያው የእባቡ የአካል መጠን ምን እንደሚያመለክትና ምን እንደማያመለክት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእባቡ አካል ከወቅት ወደ ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጥና ይህ ለውጥ ሰውና እባብ የሚገናኙበትን ጊዜ እንዴት እንደሚወስን ነው። በመጨረሻም በእባብ የተነደፈ ሰው ሊደረግለት ስለሚገባው ርዳታና በጤና ተቋም ሊነገሩ ስለሚገባቸው ነጥቦች ተብራርቷል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• የእባብ ትንሽነት የአደጋውን ትንሽነት አያመለክትም። በምሥራቁ ቆላ ከሚገኙት እጅግ አደገኛ እባቦች አንዷ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም።
• ከስቶ ወይም ደክሞ የሚታይ እባብም መርዙ ከእርሱ ጋር ነው።
• ሰውና እባብ በብዛት የሚገናኙት ዝናብ ሲጀምር፣ ከዝናብ በኋላ ባሉት ሳምንታትና በእርሻ ሥራ ወቅት ነው።
• በእባብ የተነደፈ ሰው የእባቡ መጠን ምንም ይሁን ምን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

በምሥራቁ ቆላ የሚገኙ እባቦች እና መጠናቸው

በኢትዮጵያ ከ200 በላይ የተሳቢ እንስሳት ዝርያዎች እንደሚገኙ በጥናት ተረጋግጧል። ከእነዚህ መካከል እባቦች ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው ሲሆን፣ አብዛኞቹ የእባብ ዝርያዎች ለሰው ሕይወት አስጊ አይደሉም። በበረሃማውና በከፊል በረሃማው አካባቢ ነዋሪው ሊያውቃቸው የሚገቡት የሚከተሉት ናቸው።

ትንሿ የበረሃ እፉኝት፦ በሳይንሳዊ ስሟ ኤኪስ ፒራሚዱም ትባላለች። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀለሟ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ አትታይም። ስትቆጣ አካሏን በግማሽ ክብ እየጠቀለለች የጎን ቅርፊቶቿን እርስ በርስ ታፋትጋለች፤ በዚህም በጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ታሰማለች። መርዟ ደም እንዳይረጋ በማድረግ ለውስጥና ለውጭ መድማት ያጋልጣል።

ትልቋ እፉኝት፦ በሳይንሳዊ ስሟ ቢቲስ አሪየታንስ የምትባለው ይህች እፉኝት ከበረሃ ጠርዝ እስከ ሣርማ ቆላና ወይና ደጋ ድረስ ትኖራለች። አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቷ 1 ሜትር ያህል ሲሆን አካሏ እጅግ ወፍራም፣ ጭንቅላቷም ሰፊ ነው። ሰው ሲቀርባት አካሏን ነፍታ ኃይለኛ የትንፋሽ ድምፅ ታሰማለች። ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት መቆየትን ስለምትመርጥ በመንገድ ላይ ሳትታይ ትረገጣለች።

ቀዩ መርዝ ተፊ ኮብራ፦ በሳይንሳዊ ስሙ ናጃ ፓሊዳ የሚባል ሲሆን በደቡብና በምሥራቅ ደረቅ አካባቢዎች ይኖራል። ርዝመቱ በአብዛኛው ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ነው። ከመንደፍ በተጨማሪ መርዙን ወደ ዓይን ይረጫል።

የአሸዋ ዘንዶ፦ መርዝ የሌለውና ጅራቱ አጭርና ድልዱም የሆነ ትንሽ እባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜውን በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፋል። በዚህ ዝርያ ሴቷ ከወንዱ በእጅጉ ትበልጣለች፤ ይህም የሆነው ግልገሎቿን በሆዷ ይዛ የምታሳድግና በሕይወት የምትወልድ በመሆኗ ነው።

ቀጫጭን የአሸዋ እባቦች፦ በቀን ብርሃን በከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጡ የሚታዩ፣ ረጃጅምና ቀጫጭን እባቦች ናቸው። እንሽላሊቶችን አሳድደው ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ቢሆንም በሰው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ነው።

ትልቁ ዘንዶ፦ በአፍሪካ ካሉ እባቦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ከ4 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። የሚኖረው በወንዞችና በረግረጋማ ቦታዎች አቅራቢያ ነው። መርዝ የለውም።

ከዚህ ዝርዝር መገንዘብ የሚቻለው የአካል መጠንና የአደጋ መጠን አብረው የማይሄዱ መሆናቸውን ነው። ትልቁ ዘንዶ መርዝ የለውም፤ ከክንድ ብዙም የማትረዝመው ትንሿ እፉኝት ግን የሰው ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች።

በረሃ የእባብን መጠን የሚወስነው እንዴት ነው?

እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ሰው ከሚመገበው ምግብ ከፍተኛውን ክፍል ሰውነቱን ለማሞቅ ያውለዋል፤ እባብ ግን ይህ ወጪ የለበትም። በመሆኑም ምግብና ውኃ በጥቂቱ በሚገኝበት በረሃ ለመኖር የተመቸ ነው።

በዚህ አካባቢ ትንሽ አካል የራሱ ጥቅም አለው። ትንሽ እባብ ማለዳ በፍጥነት ይሞቃል፤ ቀትር ላይ በድንጋይ ስንጥቅ፣ በአይጥ ጉድጓድ ወይም በቁጥቋጦ ሥር በቀላሉ ይጠለላል፤ የሚበቃውም ምግብ ጥቂት ነው። ትንሿ የበረሃ እፉኝት ከአይጥና ከእንሽላሊት በተጨማሪ ጊንጥንና አንበጣን የመሳሰሉ ትንንሽ እንስሳትን ትመገባለች።

ትልቅ አካልም በበኩሉ ጥቅም አለው። ትልቅ እባብ በሰውነቱ ብዙ ስብ ያከማቻል፤ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ደግሞ በየዕለቱ የሚያወጣው ኃይል ከትንሹ እባብ ያነሰ ነው። ስለዚህ ረጅም የድርቅ ወራትን ያለ ምግብ ማሳለፍ ይችላል። ትልቋ እፉኝት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ምግብ ፍለጋ አትዞርም፤ በአንድ ቦታ አድፍጣ አይጥ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ቀጭኑ የአሸዋ እባብ ግን የሚኖረው በመሮጥ ስለሆነ አካሉን ማወፈር አይችልም።

እባብ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላም በዝግታ ማደጉን ይቀጥላል። የእድገቱ ፍጥነት በምግብ መጠን ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም በተከታታይ ጥሩ ዝናብ ባገኙ ዓመታት የተወለደ እባብ በድርቅ ዓመት ከተወለደው እኩያው ሊበልጥ ይችላል። መጠኑን ብቻ አይቶ ዕድሜውን መገመት ስሕተት ላይ ይጥላል።

በቤት አካባቢ ተገፍፎ የተገኘ የእባብ ቆዳም መጠንን በትክክል አያሳይም። ቆዳው በሚገፈፍበት ጊዜ ስለሚለጠጥ ከእባቡ እውነተኛ ርዝመት ይበልጣል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው በድንጋጤ የታየ እባብም እንዲሁ ከመጠኑ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታወሳል።

የአካል ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?

ተመራማሪዎች የእባብን የአካል ሁኔታ የሚለኩት ክብደቱን ከርዝመቱ ጋር በማነጻጸር ነው። ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት እባቦች መካከል ከባዱ ብዙ ስብ ያከማቸ ነው። ይህ ስብ የሚቀመጠው በሆድ ውስጥ፣ በአንጀት ግራና ቀኝ ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ እባብ ጎኑ ሞላ ብሎ ክብ ሆኖ ይታያል። የከሳ እባብ ደግሞ የጀርባ አጥንቱ ጎልቶ፣ ቆዳው በጎኑ ተሸብሽቦ ይታያል።

የእባብ አካል ረሃብን የሚቋቋምበት መንገድ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት እባቦች ለስድስት ወራት ያህል ያለ ምግብ ሲቆዩ የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍጆታቸውን እስከ 72 በመቶ ሊቀንሱ እንደሚችሉ ተረጋግጧል። ከዚህም በላይ በረሃቡ ጊዜ በርዝመት ማደጋቸውን የቀጠሉ ነበሩ። በተቃራኒው፣ ምግብ ሲገኝ የውስጥ አካላት በፍጥነት ይሰፋሉ፤ በእስያ በሚገኘው የበርማ ዘንዶ ላይ በተደረገ ጥናት ከተመገበ በ48 ሰዓት ውስጥ የልቡ መጠን በ40 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው አካል አንድ ጊዜ በልቶ ለረጅም ጊዜ ለመቆየት የተሠራ ነው።

የሴት እባብ የአካል ሁኔታ ከመራባት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሴቷ በቂ ስብ ካላከማቸች በዚያ ዓመት ላትራባ ትችላለች። ስብ ካከማቸች ግን ይህ ስብ ወደ እንቁላል ወይም ወደ ግልገሎች ይለወጣል። ትንሿ የበረሃ እፉኝት እንቁላል ትጥላለች፤ ትልቋ እፉኝት ግን ግልገሎቿን በሕይወት ትወልዳለች። ትልቋ እፉኝት በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ግልገሎችን የምትወልድ ሲሆን፣ በመካነ እንስሳ ትኖር የነበረች አንዲት የኬንያ እፉኝት 156 ግልገሎችን መውለዷ ተመዝግቧል።

በሕዝብ ዘንድ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወለዳሉ፣ እናቲቱም ትሞታለች የሚል የቆየ እምነት አለ። ይህ እውነት አይደለም። ግልገሎቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወለዱና ሽፋኑን ራሳቸው ቀድደው ይወጣሉ። እናቲቱ ግን ከወለደች በኋላ ሆዷ ተጨማዶ፣ ቆዳዋ ረግቦና እጅግ ከስታ ትታያለች። ቀጣዩ ወቅት ምግብ ከሌለው ልትሞት ትችላለች፤ ዝናብና ምግብ ካገኘች ደግሞ ታገግማለች።

ወቅቶች እና የእባቦች እንቅስቃሴ

የምሥራቁ ቆላ የዝናብ ሥርዓት እንደ አካባቢው ይለያያል። በአፋርና በድሬዳዋ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ የሚዘንብ ሲሆን በመጋቢትና በሚያዝያ አነስተኛ ዝናብ ይኖራል። አፋሮች ዋናውን ዝናብ ከርማ፣ አነስተኛውን ሱጉም ይሉታል። በሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍልና በቦረና ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይዘንባል። የእባቦች የአካል ሁኔታ ይህንን ሥርዓት ይከተላል።

በደረቁ ወራት፦ እባቦች ብዙ አይንቀሳቀሱም፤ ቀኑን በጉድጓድ፣ በኩይሳና በድንጋይ ሥር ያሳልፋሉ። ሙቀቱ ሲበረታ እንቅስቃሴያቸው ወደ ሌሊት ይዞራል። በዚህ ወቅት ከስተው ሊታዩ ይችላሉ። አይጦች እህል ፍለጋ ወደ ሰው መኖሪያና ወደ ጎተራ ሲጠጉ እባቦችም ይከተሏቸዋል፤ በውኃ ማጠራቀሚያዎችና በኩሬዎች አካባቢም ይታያሉ። በደረቅ ወቅት እባብ በቤት ዙሪያ መታየቱ ሰውን ፍለጋ መጥቶ ሳይሆን ምግብና ጥላ ፍለጋ ነው።

ዝናብ ሲጀምር፦ ጉድጓዶች በውኃ ሲሞሉ እባቦች ወደ ላይ ይወጣሉ። የምሽቱ አየር ሞቃትና እርጥብ ስለሚሆን በመንገድና በእግር መሄጃ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ረጅም ጊዜ ሳይመገቡ የቆዩ በመሆናቸው አደን ላይ ናቸው። የሌሊት ተጓዦች ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዝናብ በኋላ፦ ሣር ይበቅላል፤ አንበጣ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊትና አይጥ ይበዛሉ፤ እባቦችም ይወፍራሉ። በዝናቡ ወቅትና ከእርሱ ቀጥሎ የተወለዱ ወይም የተፈለፈሉ ግልገሎች በብዛት ይታያሉ። አዲስ የተወለደች ትልቅ እፉኝት አንድ ስንዝር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰች ናት፤ አዲስ የተፈለፈለች ትንሽ የበረሃ እፉኝት ደግሞ ከአንድ እርሳስ ታጥራለች። ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚሠራ ጥርስና መርዝ አላቸው። ሕፃናት «ትል ነው» ብለው የሚነኳቸው በመሆኑ ወላጆች ልዩ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።

በእርሻ ወቅት፦ ከክፍለ ከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላዎች ለጉልበት ሥራ የሚሄዱ ነዋሪዎችም ይህንኑ ሊገነዘቡ ይገባል። በመተማ፣ በሁመራና በአብደራፊ አካባቢ የሰሊጥና የማሽላ አረምና አጨዳ የሚከናወነው እባቦች በሚንቀሳቀሱባቸው ወራት ነው። በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ ጎንበስ ብሎ በእጅ የሚሠራ ሠራተኛ፣ ሌሊቱንም መሬት ላይ የሚተኛ ከሆነ ለአደጋ ይጋለጣል። በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተሰኘው ድርጅት ከካላ አዛር ሕክምና ጎን ለጎን በእባብ ለተነደፉ ሰዎች ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከታካሚዎቹም ብዙዎቹ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው።

የአካል መጠን፣ መርዝ እና የተነደፈው ሰው

በአንድ ዝርያ ውስጥ ትልቅ እባብ በጥቅሉ ከትንሹ የበለጠ መርዝ ይይዛል። ይህ ማለት ግን ትንሹ አያሰጋም ማለት አይደለም። አደጋውን በዋነኛነት የሚወስኑት የእባቡ ዝርያ፣ ወደ ሰውነት የገባው የመርዝ መጠን፣ የተነደፈው የአካል ክፍልና ሕክምና እስኪገኝ ያለፈው ጊዜ ናቸው። እባብ አንዳንድ ጊዜ መርዝ ሳይለቅ ሊነድፍ ይችላል፤ መርዝ መልቀቁንና አለመልቀቁን ግን ቁስሉን ብቻ በማየት ማረጋገጥ አይቻልም።

ከእባቡ መጠን ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የተነደፈው ሰው የአካል መጠን ነው። እኩል መጠን ያለው መርዝ በሕፃን አካል ውስጥ ሲገባ ከአዋቂው ይልቅ ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። የፀረ መርዝ መድኃኒት የሚሰጠው መርዙን ለማምከን በመሆኑ ለሕፃናት የሚሰጠው መጠን ለአዋቂ ከሚሰጠው አይቀንስም። ቤተሰቦች «መድኃኒቱ ለልጅ ይበዛል» ብለው ሊሰጉ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በ2030 ሞትንና የአካል ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስ ያለመ ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል።

ለተጓዦች የሚመከሩ ጥንቃቄዎች

1. በቆላማ አካባቢ ሲንቀሳቀሱ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ረጅም ሱሪ መጠቀም።
2. ከጨለመ በኋላ፣ ለሽንት ከተሽከርካሪ ለመውረድ ጭምር፣ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት መያዝ። በመንገድ ዳር ጎማ ለመቀየር ወይም ጭነት ለማሰር ከመንበርከክ በፊት ቦታውን በመብራት መመልከት።
3. በተቻለ መጠን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ መተኛትና የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሽ ሥር መሸጎጥ።
4. ጫማን፣ ልብስንና ከረጢትን ከመጠቀም በፊት ማራገፍ።
5. እጅን ሳያዩ በድንጋይ ክምር፣ በማገዶ፣ በጉድጓድና በጆንያ መካከል አለማስገባት።
6. ከቆላ የተጫነ ማገዶ፣ ከሰል፣ የእንስሳት መኖ ወይም የግንባታ ዕቃ በከተማ ሲራገፍ ጓንትና ጫማ ማድረግ።
7. እባብ ሲታይ ቆም ብሎ በዝግታ ወደ ኋላ ማፈግፈግ። ለመግደል መሞከር ለንድፊያ ያጋልጣል። የሞተ እባብ፣ የተቆረጠ ጭንቅላቱም ቢሆን፣ ሊነድፍ ስለሚችል በእጅ መንካት አይገባም።

በእባብ ለተነደፈ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ ርዳታ

ሊደረጉ የሚገባቸው፦
• ተጎጂውን ከእባቡ ማራቅና ማረጋጋት።
• የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ ላላ አድርጎ ማሰር፤ ተጎጂው እንዳይራመድ ማድረግ።
• እብጠት ከመጀመሩ በፊት ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ ማውለቅ።
• ተጎጂው ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ ማስተኛት።
• መርዝ ወደ ዓይን ከተረጨ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ።
• ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ማድረስ።

ሊደረጉ የማይገባቸው፦
• ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም መተኮስ።
• ከቁስሉ በላይ በገመድ ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር። ይህ ደም በማገድ እጅ ወይም እግር እስከ ማሳጣት ይደርሳል።
• ጥቁር ድንጋይ፣ ጋዝ፣ ቅጠል ወይም በረዶ በቁስሉ ላይ ማድረግ።
• አልኮል መስጠት፤ ሕመም ለማስታገሥ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ መድማትን ሊያባብሱ የሚችሉ መድኃኒቶችን መስጠት።
• እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል ሲባል ጊዜ ማባከን።

በጤና ተቋም የሚነገሩ ነጥቦች

ተጓዥ በቆላ ተነድፎ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስበት ሁኔታ ያጋጥማል። በትንሿ የበረሃ እፉኝት የተነደፈ ሰው መጀመሪያ ላይ ቀላል እብጠት ብቻ ሊታይበት ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከቁስሉ መድማት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም ትውከት ሊከተል ይችላል። የደም አለመርጋት ችግሩ ካልታከመ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል «እባቡ ትንሽ ነበር፣ ሕመሙም ቀለለኝ» ብሎ ጉዞን መቀጠል ለሕይወት አስጊ ነው። ተጎጂው ባለበት ቦታ አቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል እንጂ አዲስ አበባ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባውም። ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ምልክት የታየበት ሰውም ወዲያውኑ ሕክምና ማግኘት አለበት።

በደጋ ከተማ የእባብ ንድፊያ የዘወትር ጉዳይ ስላልሆነ ለጤና ባለሙያው የሚከተሉትን በግልጽ መንገር ይጠቅማል፦

• የተነደፉበት ቦታና ሰዓት፤
• በአካባቢው ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ የተነደፉትም በመንገድ፣ በእርሻ ወይም በመኝታ ላይ መሆኑ፤
• የእባቡ ግምታዊ ርዝመት፣ ውፍረትና ቀለም፣ ያሰማው ድምፅ ካለ፤ ከሩቅ ያለ ስጋት የተነሣ ፎቶግራፍ ካለ እርሱን ማሳየት፤
• ከንድፊያው በኋላ የታዩ ምልክቶችና የተወሰዱ መድኃኒቶች።

ባለሙያው ጥቂት ደም በንጹሕ የመስታወት ብልቃጥ አድርጎ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ በማስቀመጥ ደሙ መርጋቱን ወይም አለመርጋቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። ይህ ቀላል ምርመራ ፀረ መርዝ መድኃኒት የሚያስፈልግ መሆኑን ለመወሰን ይረዳል። የፀረ መርዝ መድኃኒት በሁሉም ጤና ተቋማት ስለማይገኝ ባለሙያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፍ ይችላል፤ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ሳይዘገይ ሊሄድ ይገባል። ለአምቡላንስ አገልግሎት በ907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን መጥራት ይቻላል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

በነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚታይ እባብ የበረሃ እባብ ነው?
በአብዛኛው አይደለም። በወንዝ ዳርቻ፣ በሣርና በግንባታ ፍርስራሽ አካባቢ የሚታዩት የደጋ እባቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ዝርያው እስካልታወቀ ድረስ መንካት አይገባም፤ የነደፈውም ሰው መታከም አለበት።

የደጋ እፉኝት አለ?
አለ። በኢትዮጵያ ደጋማና ደናማ አካባቢዎች ብቻ የሚገኙ እፉኝቶች ያሉ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዷ የሆነችው የሐረና እፉኝት በባሌ ተራሮች የምትገኝ ናት። በሳይንስ የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ግልገል እባብ ከትልቁ የበለጠ አደገኛ ነው የሚባለው እውነት ነው?
በጥቅሉ ትልቁ የበለጠ መርዝ አለው። የግልገሉ አደጋ ሳይታይ መረገጡና ሰዎች ንቀው ሕክምና ማዘግየታቸው ነው።

የከሳ ወይም የማይንቀሳቀስ እባብ መርዙ አልቋል ማለት ነው?
አይደለም። መክሳት የስብ ክምችት ማለቁን እንጂ የመርዝ ማለቅን አያመለክትም። ትልቋ እፉኝት ጤነኛ ሆናም ለረጅም ሰዓት ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች።

እባቦችን ማጥፋት መፍትሔ ይሆናል?
አይሆንም። እባቦች እህል የሚያጠፉና በሽታ የሚያስተላልፉ አይጦችን ስለሚመገቡ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ ናቸው። የተሻለው መፍትሔ የቤት አካባቢን ከቆሻሻና ከአይጥ ማጽዳት፣ የግድግዳ ስንጥቅን መድፈንና ማገዶን ከመኖሪያ ቤት ማራቅ ነው።

ማጠቃለያ

የበረሃ እባብ አካል የወቅቱን ሁኔታ ይናገራል፤ መወፈሩ ዝናብና ምግብ መኖሩን፣ መክሳቱ ድርቅን ወይም በቅርቡ መውለዱን ያመለክታል። አደጋውን ግን መጠኑ አይናገርም። ወደ ቆላ የሚጓዝ ነዋሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው የዝናቡን ወቅት፣ የሌሊቱን ሰዓትና የሚረግጠውን ቦታ በማየት ነው። በእባብ የተነደፈ ማንኛውም ሰው እባቡ ትልቅም ይሁን ትንሽ በአፋጣኝ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ተቋም የሕክምና አገልግሎት ሊያገኝ ይገባል።